የጦር ካሚዮን ማስነሻ ገመድ፤ ከማኖቬላ እስከ ወፍራም መዳብ

ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቦንጋ፥ መንገዱ ገና ጥርጊያ ሳለ፥ ባትሪው የደከመ ካሚዮን ተስፋው የሾፌሩ ክንድና ማኖቬላ ነበር። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የጦር መረዳጃ ውል ከተፈራረሙ በኋላ ግን በ24 ቮልት የሚሠሩ የጦር ካሚዮኖች ወደ አገራችን ገቡ። በእነዚህ ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘዋል፤ ስለዚህ ባለ12 ቮልት የነጋዴ መኪና ብቻውን አያስነሣቸውም፤ ረዳታቸው ሌላ የጦር ካሚዮን ነው።

ገመዱም እንደ ሸክሙ ነው። ማስነሻው በመቶ የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ ቀጭን ሽቦ ይግላል፤ ኃይሉም በመንገድ ይባክናል። ይኸውም የገመዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን የመዳቡ ውፍረት በስፋቱ እጥፍ ይሁን ማለት ነው።

እንግዲህ አዲሱ ካሚዮን ጉልበት ሲሰጠን ራስን መቻልን ወስዶብናል፤ ገመዱን ራሳችን መሥራት ብንማር ግን ከተወሰደብን ጥቂቱን እናስመልሳለን።