ስለ በራሪዎች ኦክሲጅንና ስለ አሞላሉ ታሪክ

ስለ አየር በረራ ታሪክ የተጻፉትን መጻሕፍት ስንመለከት፥ ማን ምን ያህል ከፍታ እንደ ወጣ በሰፊው ተጽፎ እናገኛለን። ለወጣው ሰው መተንፈሻ የሚሆነውን ኦክሲጅን በምድር ላይ ሆኖ ማን ሞላለት፥ እንዴትስ ሞላለት የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። እኛም በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምር ያሰብነው ይህን የተዘነጋ ወገን ነው። ነገሩ የመካኒክ እንጂ የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም የሚሉን ጓደኞች አሉ። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች እንደሚታየው፥ በከፍታ ላይ ከሞቱት በራሪዎች አንዳንዶቹ የሞቱት ኦክሲጅን ሳይዙ ቀርተው ሳይሆን፥ የያዙት ሳይበቃ ወይም በጊዜው ሳይከፈት ቀርቶ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሰው ወደ ላይ በወጣ መጠን በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ አይለወጥም፤ ከመቶው 21 ያህል እንደ ሆነ ይኖራል። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፥ እኛ ራሳችን የምንተነፍሰው አየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለኛ ስለ ለመድነው አይታወቀንም፤ ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ ግን ደረጃ ሲወጣ ያውቀዋል። በ5,500 ሜትር ላይ ግፊቱ በግማሽ ይወርዳል።

ይህን በሚገባ ያስረዳው ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፖል ቤር ነው። አየር በሚቀነስበት የብረት ክፍል ውስጥ ራሱ እየገባ፥ በከፍታ ላይ ሰውን የሚጎዳው የኦክሲጅን ግፊት ማነስ መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1878 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉም ዘርዝሮ ጻፈው። ክሮሴ ስፒኔሊና ሲቬል የተባሉት ባለ ፊኛዎች በ1874 ከቤር ክፍል ገብተው ተፈተኑ፤ ከዚያም ኦክሲጅን ይዘው ወደ 7,300 ሜትር ወጥተው በደኅና ተመለሱ። በማግሥቱ ዓመት፥ ሚያዝያ ወር በገባ በ15ኛው ቀን፥ ጋስቶን ቲሳንዲየን ሦስተኛ አድርገው «ዜኒት» በተባለው ፊኛ ከፓሪስ ተነሡ።

የያዙት ኦክሲጅን ከአየር ጋር የተቀላቀለ ሲሆን የተሞላውም በትንንሽ ከረጢቶች ነበር። ቤር በዚያን ጊዜ በፓሪስ አልነበረምና መጠኑን በሰማ ጊዜ አይበቃችሁም ብሎ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ደብዳቤው ግን ዝግጅቱን ለመለወጥ በማይቻልበት ሰዓት ደረሰ። ስለዚህ ሦስቱ ሰዎች ያለውን ለመቆጠብ፥ በጣም እስኪያስፈልግ ድረስ ላለመንካት ቈረጡ። በኛ አስተያየት የጥፋቱ ሥር ይህ ነው። የኦክሲጅን ማነስ እንደ ረኃብ ወይም እንደ ውሃ ጥም አስቀድሞ አይጮህም። ቲሳንዲየ በኋላ እንደ ተናገረው ሕመም አልተሰማውም፤ እንዲያውም ደስ ደስ ይለው ነበር። ቱቦውን ለመያዝ ባሰበ ጊዜ ክንዱ አልታዘዝ አለው። ፊኛው ወደ 8,600 ሜትር ደርሶ ሲወርድ ክሮሴ ስፒኔሊና ሲቬል ሞተው ተገኙ። ቲሳንዲየ በሕይወት ተረፈ፥ ነገር ግን ጆሮው ደነቈረ። ከረጢቶቹ በቂ ኖረው ቢሆን ከመነሻው ጀምረው በተነፈሱ ነበር፤ ቁጠባው የመጣው ከአሞላሉ ማነስ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮች ተሻሻሉ። አንደኛው ኦክሲጅንን በብረት ሲሊንደር፥ ማለትም ባገራችን ቦምቦላ በምንለው ዕቃ፥ አምቆ መያዝ ነው። ሁለተኛው ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ በ1895 አየርን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ ለመለወጥ ያወጣው ዘዴ ነው፤ በ1902ም ከፈሳሹ አየር ኦክሲጅኑን ለይቶ ማውጣት ቻለ። ኦክሲጅን በርካሽ በፋብሪካ የሚመረት ዕቃ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። በርሶንና ዙሪንግ የተባሉት ጀርመኖች በ1901 የታመቀ ኦክሲጅን ይዘው በፊኛ 10,800 ሜትር ወጡ። እነርሱም ቢሆኑ ቱቦውን በአፋቸው ይይዙ ስለ ነበር ሁለቱም ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ያዳናቸው በርሶን ከመሳቱ በፊት የፊኛውን መክፈቻ ገመድ መሳቡ ነው።

የአሜሪካው ሻለቃ ሽሮደር በ1920 ከ10,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ኦክሲጅኑ ቢቋረጥበት ራሱን ስቶ አይሮፕላኑ ብዙ ሺሕ ሜትር ቁልቁል ወረደ፤ ከምድር ሊደርስ ሲል ነቅቶ በደኅና አሳረፈው። ሻምበል ሆቶርን ግሬይ ግን በ1927 በፊኛ ከ12,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በኦክሲጅን እጦት ሞተ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የሚያስገርም ነገር እናያለን። ቦምቦላ ግፊቱ በበዛ ቁጥር ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን ጥይት ሲመታው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ስለዚህ አሜሪካኖች ለብዙዎቹ የጦር አይሮፕላኖቻቸው ግፊቱ ወደ 30 አትሞስፌር የሚጠጋ፥ ሰፋ ያለ ቢጫ ቦምቦላ መረጡ። ጥይት በሌለበት በሲቪሉ በረራ ወደ 125 አትሞስፌር የሚጠጋው ትንሽ ቦምቦላ አሸነፈ።

የግል ሃንጋር ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለትልቅ የአየር መንገድ ይህን የሚሠራለት ክፍል አለው። አንድ ትንሽ አይሮፕላን ወይም ሞተር የሌለው ተንሳፋፊ ያለው ሰው ግን ራሱ መሙላት ወይም የሚሞላለት መፈለግ አለበት። ተንሳፋፊ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስለን፤ ፖል ቢክል በ1961 በካሊፎርኒያ ሰማይ በዚህ ዓይነት አይሮፕላን 14,102 ሜትር ወጥቷል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት፥ የክፍሉ አየር ባልታመቀ አይሮፕላን ነጂው ከ3,810 ሜትር በላይ ከ30 ደቂቃ የበለጠ ሲቆይ፥ ከ4,267 ሜትር በላይ ደግሞ ምን ጊዜም ኦክሲጅን መተንፈስ አለበት። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ በዚህ ሚዛን ተራራውን በላዩ የሚያልፍ ነጂ ጭንብሉን ማጥለቁ ግድ ነው።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ከፋብሪካ የመጡት ትልልቅ ቦምቦላዎች በተርታ ይቆማሉ፥ በመዳብ ቱቦም ይያያዛሉ። ግፊት ካለበት ወደሌለበት ራሱ ስለሚሄድ መጭመቂያ ሞተር አያስፈልግም። ብልኃቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 50 ሊትር የሚይዙ ሦስት ቦምቦላዎች 60፥ 100 እና 150 አትሞስፌር ግፊት አላቸው እንበል፤ የሚሞላው 5 ሊትር የሚይዝ፥ 10 አትሞስፌር የቀረው ነው። በቀጥታ ከ150ው ብንሞላው 125 ለመድረስ ትልቁ ወደ 138 ይወርዳል። ከደካማው ብንጀምር ግን በመጀመሪያው 55፥ በሁለተኛው 96 ይደርስና፥ ከሦስተኛው የምንወስደው ጥቂት ስለሚሆን እርሱ ከ147 አይወርድም። ብርቱው ቦምቦላ የሚከፍለው ዋጋ ሩብ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ይህን ስሌት በወረቀት ስንሠራው ደስ ብሎናል፤ ሰነፍ ሰው ግን ሁልጊዜ ከብርቱው ይጀምራል።

ጋዙ በተቻኰለ ቁጥር ይሞቃል። በ50 ዲግሪ ሙቀት 125 ያሳየ መለኪያ ቦምቦላው ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 113 ብቻ ያሳያል፤ ተሞላ የተባለው አልተሞላም ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ እሳት ነው። ቫልቭ በድንገት ሲከፈት ቱቦው ውስጥ የሚታመቀው ኦክሲጅን በቅጽበት እጅግ ይግላል፤ እዚያ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ካለ ይቀጣጠላል። ሃንጋር ደግሞ በተፈጥሮው የዘይትና የግራሶ ቤት ነው። ቺያቬውም ሆነ የሠራተኛው እጅ ንጹሕ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው። ግፊቱ ብዙም ባይሆን እንኳ ንጹሕ ኦክሲጅን ምን እንደሚያደርግ በጥር 1967 አፖሎ 1 በምድር ላይ በተፈተነ ጊዜ ታይቷል፤ በተነሣው እሳት ሦስት ጠፈርተኞች ሞቱ።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ፤ የሆስፒታል፥ የበያጅና የበራሪ ኦክሲጅን አንድ ነው ወይስ ልዩ ልዩ? ሦስቱም ከፈሳሽ አየር ይወጣሉ። የሆስፒታሉ ውሃ ይጨመርበታል የሚባለው ስሕተት ነው፤ እርጥበቱ የሚጨመረው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። ልዩነቱ ያለው በማረጋገጫው ላይ ነው። የበራሪው ኦክሲጅን ከመቶ 99.5 ንጹሕ ከመሆኑም በላይ ድርቀቱ ይመረመራል፤ ከሚሊዮን እጅ ከ7 እጅ የበለጠ እርጥበት ሊኖረው አይፈቀድም። ከፍታ ላይ ያለው ብርድ ጥቂቱን እርጥበት በረዶ አድርጎ ቀጭኑን መተላለፊያ እንዳይዘጋው ነው። የበያጁ ቦምቦላ በውስጡ ቀድሞ ምን እንደ ገባበት ግን ለሚተነፍስ ሰው ተብሎ አይጠየቅለትም። ዋጋው ርካሽ ነው ብለው የሚከራከሩትን እናከብራለን፥ አሳባቸውን ግን አንቀበልም።

ቦምቦላው ራሱም ዕድሜ አለው። ተራው የብረት ቦምቦላ በአሜሪካ ደንብ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተናል፤ ለአይሮፕላን ተብሎ የሚሠራው ቀጭኑ በየ3 ዓመቱ ይፈተንና በ24 ዓመቱ ይጣላል። ቀኑ በትከሻው ላይ ይቀረጻል፤ የሚሞላው ሰው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት መለኪያውን ሳይሆን ይህን ነው።

በጥቅምት 1999 ፔይን ስቱዋርት የተባለውን የጎልፍ ተጫዋች የያዘ አንድ ትንሽ ጄት ከፍሎሪዳ ተነሥቶ የክፍሉ አየር አፈትልኮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማንም ለሬዲዮ ጥሪ አልመለሰም፤ አይሮፕላኑ ግን ነዳጁ እስኪያልቅ ለአራት ሰዓት ያህል ብቻውን በረረና በሳውዝ ዳኮታ ወደቀ፥ ስድስቱም ሞቱ። መርማሪዎቹ ነጂዎቹ ኦክሲጅን ባለማግኘታቸው ራሳቸውን እንደ ሳቱ ወሰኑ፤ ለምን እንዳላገኙ ግን ከስብርባሪው ለይተው ለማወቅ አልቻሉም።