የባርነት መቅረት በኢትዮጵያ

የባርነት መቅረት በኢትዮጵያ ባሪያን መሸጥ፣ መግዛትና መያዝ በሕግ ቀስ በቀስ የተከለከለበት ሂደት ነው። በአንድ አዋጅ የተፈጸመ ሳይሆን ከዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን እስከ 1934 ዓ.ም. የወሰደ ነው።

== መነሻ ==
ፍትሐ ነገሥት ባርነትን ይፈቅዳል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትን ግን እንደ በጎ ሥራ ያበረታታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ሰዎች በጎጃም ባሶ ገበያ ይሸጡ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ መተማና ምጽዋ የሚሄዱ ነጋዴዎች ዓባይን ተሻግረው ከጣና በስተምሥራቅ ያልፋሉ። ቆራጣና ይፋግ የዚሁ መንገድ ገበያዎች ነበሩ። ዛሬ ከባሕር ዳር በወረታና በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ከሞላ ጎደል ይህንኑ አቅጣጫ ይከተላል።

ዓፄ ቴዎድሮስና ዳግማዊ ምኒልክ የባሪያ ንግድን ቢከለክሉም ባሪያ መያዝ አልቀረም። እንዲያውም በምኒልክ ዘመቻዎች የተማረኩ ብዙ ሰዎች ባሪያ ሆነዋል።

== አዋጆች ==
ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ሕግ አወጡ። ሕጉ ባሪያውን ወዲያው ነጻ አላወጣም፤ ነጻነቱን ከጌታው ሞት ጋር አያያዘው፤ ከዚያም በኋላ ከወራሾች ጋር የሚቆይበት ጊዜ ነበረው። ጌታው ወጣት ከሆነ ባሪያው ነጻነቱን ሳያይ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕግ የመቆያውን ጊዜ አሳጠረው።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ስትወር ጄኔራል ዴ ቦኖ በትግራይ ባርነት ቀርቷል ብሎ አወጀ። አዋጁ የወረራው ማመካኛ ነበር፤ ያው መንግሥት በመርዝ ጋዝ ሕዝብ ፈጅቷል፣ የዘር መድልዎ ሕግም አውጥቷል። ቢሆንም ጌቶቻቸውን ጥለው የሄዱ ባሮች ጥቂት አልነበሩም። ከነጻነት በኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚሽር አዋጅ አወጡ።

== ከነጻነት በኋላ ==
በበጌምድር ርስት የሚገኘው በትውልድ ሐረግ ነበር። ነጻ የወጣ ሰው ደግሞ የሚቆጥረው የአካባቢ ዘር የለውም፤ ስለዚህ ብዙው በዚያው ቤት በሎሌነትና በገረድነት ቀረ፣ ወይም የሰው መሬት እያረሰ ኖረ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ዛሬም በስድብነት ይሰማል፤ በጋብቻ ጊዜም የዘር ጥያቄ ሆኖ ይነሣል።