«ልማር ብሎ»፦ የመነሣሣት አነጋገር በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች

ዕንባ የተናነቀው ሰው በአማርኛ «አልቅስ አልቅስ አለኝ» ይላል። ሴት ከሆነች «አልቅሺ አልቅሺ አለኝ» ትላለች። እዚህ ላይ «አለኝ» ያለው ማን ነው? ሰዋስው የሚሰጠን ፍንጭ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ ተባዕት። ስም የለውም፣ «ማን?» ተብሎም አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ይህ ስም የለሽ ተናጋሪ በትእዛዝ አንቀጽ ይናገራል፤ የሚያዘውም ሰው ወንድ ይሁን ሴት ለይቶ ያውቃል። «ተኛ ተኛ አለኝ»፣ «ውጣ ውጣ አላት»፣ «ሂዱ ሂዱ አላቸው» ሁሉም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። በሰው ውስጥ የሚነሣ ግፊት ለሰውየው የተነገረ ቃል ሆኖ ይቀርባል።

ሰው ለምን አንድን ነገር እንደሚያደርግ ቋንቋዎች በምን ዓይነት መንገድ እንደሚናገሩ ሲጠና ትኩረቱ አብዛኛውን ጊዜ በስሞች ላይ ያርፋል፤ «ሞቲቬሽን» የሚለው ቃል በዚህ ቋንቋ ምን ይባላል፣ በዚያኛው ምን ይባላል እየተባለ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን የሚበልጠው ቁም ነገር ያለው በግሦች ውስጥ መሆኑን፣ በተለይም የሚነሣሣው ሰው የግሡ ባለቤት ነው ወይስ ተሳቢ በሚለው ጥያቄ ውስጥ መሆኑን ማሳየት ነው። ለዚህ ጥያቄ አማርኛ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም፤ መልሶቹን ሁሉ የሚያያይዛቸው ግን «ማለት» የተባለው ግሥ ነው።

ስሞቹን ፈጠን ብለን እንለፋቸው። የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጋሩት «ሞቲቬሽን» ላቲን «ሞቬሬ» ከሚለው፣ ማንቀሳቀስ የሚል ፍቺ ካለው ግሥ የተገኘ ነው። ፈላስፋው ሾፐንሃወር እ.ኤ.አ. በ1813 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ የሰውን ድርጊት ከምክንያትና ውጤት ሕግ ጋር ሲያዛምድ የተጠቀመበት ቃል ይኸው ነበር። የዓረብኛው «ዳፊዕ» ገፊ ማለት ነው፤ የዕብራይስጡ «መኒያዕ» አንቀሳቃሽ፤ የቻይንኛው «ዶንግጂ» የመጀመሪያው ክፍል መንቀሳቀስን ይገልጻል። በእነዚህ ሁሉ አንድ ገፊና አንድ ተገፊ አሉ። የኛ አገር ቋንቋዎች ለዘመናዊው ትምህርት ስም ሲያወጡ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደዋል። የአማርኛው «ተነሣሽነት» ከመነሣት ወጣ፤ የኦሮምኛው «ካካኡምሳ» እንዲሁ መነሣት ከሚለው «ካኡ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ የትግርኛው «ተበግሶ» ደግሞ ለጉዞ ተነሥቶ መውጣትን ከሚናገረው «ተበገሰ» የመጣ ነው። እዚህ ማንም ማንንም አልገፋም፤ የተቀመጠው ሰው ራሱ ብድግ አለ። ልዩነቱ ደስ የሚል ነው፤ ብዙ ልንገነባበት ግን አይገባም። ሰው ቃሉን ሲጠቀም ሥሩን አያስብም፤ ትግርኛም ቢሆን ከ«ተበግሶ» ጎን ግፊትን የሚናገር «ድርኺት» የሚል ቃል አለው።

ወደ «ማለት» እንመለስ። ይህ ግሥ በአማርኛ ከመናገር ያለፈ ሥራ እንዳለው የታወቀ ነው። የቋንቋ ምሁሩ ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በዘር ሳይዛመዱ በጉርብትና የተወራረሷቸውን ባሕርያት ሲዘረዝር «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ» የሚሉትን ጥምር ግሦች ከዋናዎቹ መካከል አስገብቷቸዋል። ዳቪድ ኮሄን፣ ማሪ-ክሎድ ሲሜዮን-ሰኔልና ማርቲን ቫንሆቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ማለትና ማድረግ የሚሉ ግሦች ወደ ሰዋስው መሣሪያነት መለወጣቸው የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢያዊ ጠባይ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚህ ጥናቶች ያተኮሩት በቅርጽ ላይ ነው። ቅርጹ ለመነሣሣት ሲውል ምን እንደሚያደርግ ግን ለብቻው መታየት አለበት።

ተናጋሪው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰውየው ራሱ ነው። «ልማር ብዬ መጣሁ» ስል ዓላማዬን ለራሴ እንደተናገርሁት ቃል አድርጌ አቀርበዋለሁ። የሚደንቀው ግን ነገሩ ስለ ሌላ ሰው ሲሆን ነው። «ልማር ብሎ መጣ» እንላለን፤ «ልማር» የሚለው በአንደኛ መደብ እንዳለ ይቀራል። የሰውየው ሐሳብ በእኔ አንደበት አልተለወጠም፤ የእሱ «እኔ» ከነነፍሱ ተጠቅሷል። «ለልጆቿ ስትል»፣ «ለአገሩ ሲል»፣ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ» የሚሉትም በዚሁ ግሥ የቆሙ ናቸው። ምክንያት የሌለው ሰው እንኳ ምክንያት ማጣቱን የሚገልጸው «ለምን ብዬ!» እያለ ነው፤ ለራሱ የሚለው ቃል አጥቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ተናጋሪ በመግቢያው ያየነው ስም የለሹ ነው። ከእሱ ጋር «አሰኘኝ» መቆጠር አለበት። «ተሰኘ» ተባለ ማለት ነው፤ «አሰኘ» ደግሞ አስባለ፤ «ጀግና አሰኘው» ስንል ይህ ግልጽ ነው። እንግዲህ «ቡና አሰኘኝ» ያለ ሰው ቡናው አንድ ነገር እንዳስባለው ነው የተናገረው። «ቡና እፈልጋለሁ» ካለው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሁለተኛው ካፌ ገብቶ ያዝዛል፤ የመጀመሪያው ምናልባት አይጠጣም። «አላስችል አለኝ»፣ «አላስቀምጥ አለኝ» ሲባል ደግሞ ያ ስም የለሽ ኃይል ማዘዙን ትቶ እንቢታውን ይገልጻል።

ሦስተኛው ተናጋሪ ሕዝብ ነው። «ይሉኝታ» የሚለውን ስም ልብ ብሎ ላየው ከነመደቡ የረጋ ግሥ ነው፤ ባለቤቱ እነሱ፣ ተሳቢው እኔ። ሌላ ቋንቋ «ኀፍረት»፣ «ክብር» ወይም «የሰው ዓይን» ብሎ የሚጠራውን ነገር አማርኛ ገና ያልተነገረ የሌሎች ንግግር አድርጎ ሰይሞታል። ይሉኝታ ሰውን ከድርጊት ያግዳል ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው። ግን የማይወደውን ሰርግ ያስደግሳል፣ የሌለውን ገንዘብ ያስበድራል፣ የደከመውን ሰው ለቅሶ ያስደርሳል። ይሉኝታን ከመነሣሣት ለይቶ የባህል ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ለኔ አሳማኝ አይደለም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ማስረጃውም ከራሱ ከአማርኛ ነው። «ግድግዳው ልውደቅ ልውደቅ ይላል» እንላለን። ዝናብም «ልምጣ ልምጣ» ይላል። ግድግዳ ዓላማ የለውም፤ ዝናብ ለራሱ ምንም አይነግርም። ስለዚህ «ማለት» በእነዚህ አነጋገሮች ውስጥ የመናገር ትርጉሙ ደብዝዞ የመቃረብ ወይም የዝንባሌ ምልክት ብቻ ሆኗል ማለት ይቻላል። ተቃውሞውን እቀበለዋለሁ፤ አማርኛ ተናጋሪዎች ግፊታቸውን በጆሯቸው ይሰሙታል ብሎ መደምደም ተረት ነው። የደበዘዘው ግን የግሡ ትርጉም እንጂ የመደብ ሥርዓቱ አይደለም። «ልሂድ ብዬ» እና «ሂድ ሂድ አለኝ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም በአንደኛው እኔ ባለቤት በሌላው እኔ ተሳቢ መሆኔ፣ ዛሬም ሕያው ነው፤ ትርጉምም ይለውጣል።

ይህ ልዩነት የአማርኛ ብቻ አይደለም። ሩሲያኛ «ያ ኾቹ» እና «ምኔ ኾቸትስያ» የሚሉ ሁለት መንገዶች አሉት፤ የመጀመሪያው እፈልጋለሁ፣ ሁለተኛው ወደ «አሰኘኝ» የሚቀርብ፣ ባለቤት የሌለውና ሰውየውን ተቀባይ የሚያደርግ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ፍላጎቱን ሊይዘው ይችላል፣ ፍላጎቱም ሊሰጠው ይችላል። የዕብራይስጥ የዕለት ንግግር «ባ ሊ» ይላል፤ ቃል በቃል «መጣልኝ»። በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በሁለቱም ቋንቋዎቻቸው ሰውየውን ከባለቤትነት የሚያወርድ አነጋገር አላቸው። ፊንላንድኛ በዚህ ረገድ ለአማርኛ ከሁሉም ይቀርባል፤ «ሚኑዋ ኢትከታ» የሚለው ማልቀስ ከሚል ግሥ የተሠራ አስደራጊ ሲሆን ባለቤት የለውም፣ «እኔን ያስለቅሳል» እንደማለት ነው። ፍቺው ግን «አለቀስሁ» አይደለም፤ «አልቅስ አልቅስ አለኝ» ነው። ጆርጂያኛም መዝፈን ከሚለው ግሥ ተመሳሳይ ቅርጽ ያወጣል።

የቋንቋ ምሁሯ አና ቪዬዝቢችካ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የሩሲያኛን ባለቤት አልባ አነጋገሮች ዓለምን ከሰው ቁጥጥር ውጭ አድርጎ ከሚያይ ባህል ጋር አያይዛቸዋለች። ሥራዋን አከብራለሁ፤ ድምዳሜዋ ግን የሚያስኬድ አይመስለኝም። ፊንላንዳውያን በጽናታቸው የሚኮሩበት «ሲሱ» የሚል ቃል አላቸው፤ በሰዋስዋቸው ግን ከሩሲያኛ ባላነሰ ሁኔታ ሰውን ተሳቢ ያደርጉታል። አማርኛም በአንድ አፍ «ቆረጥሁ» ብሎ «አላስችል አለኝ» ይላል። አንድ ቋንቋ ሁለቱንም ካዘጋጀ ከዝርዝሩ አንዱን መዝዞ የሕዝብ ጠባይ ነው ማለት አይቻልም። መጠየቅ ያለበት ተናጋሪው መቼ የትኛውን እንደሚመርጥ ነው።

ጃፓንኛ ጥያቄውን በሌላ በኩል ይከፍተዋል። «ታይ» የሚለው የፍላጎት ቅጥያ በተራ ዓረፍተ ነገር ለተናጋሪው ለራሱ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ሲነገር «ታጋሩ» ወደሚለው መለወጥ ወይም «ይመስላል»፣ «አለ» የሚል ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የሌላውን ፍላጎት ከውስጥ ሆኖ ማረጋገጥ አይቻልም የሚል ጥንቃቄ በሰዋስው ውስጥ ገብቷል። አማርኛ ለዚሁ ችግር ተቃራኒ መፍትሔ አለው። «ልማር ብሎ» ሲል የሰውየውን ልብ ዐውቃለሁ አይልም፤ አፉን ይጠቅሳል። አንዱ ከሌላው ሰው ውስጥ ይርቃል፣ ሌላው ቃሉን ያውሰዋል።

ይህ ሁሉ ለመነሣሣት ጥናት ምን ይጠቅማል? ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እ.ኤ.አ. በ1985 በመጽሐፍ ያቀረቡት የራስ ውሳኔ ንድፈ ሐሳብ ምክንያቶችን ከውጭ ወደ ውስጥ ይደረድራል፤ ሽልማትና ቅጣት፣ ከዚያ በውስጥ የገባ የሌሎች ግምት፣ ከዚያ ሰውየው ዋጋ የሰጠው ዓላማ፣ በመጨረሻ ከድርጊቱ የሚገኝ ደስታ። አንድ ተማሪ ለምን እንደሚያጠና ብንጠይቀውና መልሱ በሰልፉ ላይ ቢቀመጥ እንዲህ ይሆናል፦ «አጥና ስላሉኝ»፣ «ሰነፍ እንዳልባል»፣ «ልወቅ ብዬ»፣ «ማንበብ ደስ ስለሚለኝ»። አራቱም መልሶች ውስጥ «ማለት» አለ። ንድፈ ሐሳቡ ያላሰበውን ነገር ግን እናያለን። በሰልፉ ሁለት ጫፎች ላይ እኔ ተሳቢ ነኝ፤ ከውጭ ሲያዝዙኝም፣ ከውስጥ ደስ ሲለኝም «ኝ» ነኝ። በ«እንዳልባል» ባለቤት ብሆንም የምባል እንጂ የምል አይደለሁም፤ ራሴ ባለቤት ሆኜ የምለው በሦስተኛው፣ በ«ልወቅ ብዬ» ላይ ብቻ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ነጻነት በደስታ ጫፍ ላይ ይበረታል ይላል። የአማርኛ ሰዋስው ግን ደስታን እንደ ራብና እንደ እንቅልፍ ወደ ሰው ከሚመጡ ነገሮች ጋር መድቦ ባለቤትነትን ለውሳኔ ሰጥቶታል።

የሥነ ልቦና መጠይቆች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ይህ ልዩነት በዝምታ ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሮበር ቫልራንና ባልደረቦቹ በፈረንሳይኛ አዘጋጅተውት በ1992 በእንግሊዝኛ የወጣው የትምህርት መነሣሣት መለኪያ ለምሳሌ የሚሠራው «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ በምክንያትነት የሚቀርቡ ዓረፍተ ነገሮችን በማስመዘን ነው። መለኪያው ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር የተፈተነ ነው፤ እነዚያ ሁለት ቋንቋዎች ግን በሰዋስው ጎረቤታሞች ናቸው። የእንዲህ ያለ መለኪያ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ በአማርኛ «ስለምፈልግ» በሚል ቢቋጩ ቁጥሩ የተስተካከለ ይመስላል፤ መላሹን ግን በሁሉም ቦታ ባለቤት አድርገነዋል። «ደስ ስለሚለኝ» ብሎ የሚመልስና «ልወቅ ብዬ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ።

በመሥሪያ ቤት ቅጾች ላይ «ተነሣሽነት» የሚለው ስም የሚያደርገው ከዚህ የባሰ ነው። «ነት» ያለው ስም ባሕርይን ይሰይማል፤ እንደ ደግነትና እንደ ስንፍና በሰው ላይ ያለ ወይም የሌለ ነገር ያደርገዋል። «ተነሣሽነት የለውም» ተብሎ የተሞላ ግምገማ ማን ምን እንዳለው፣ እሱም ለራሱ ምን እንዳለ አይነግረንም። ሠራተኛው ራሱ ቢጠየቅ «ለምን ብዬ!» ሊል ይችላል። ያ መልስ ደግሞ ስለ ደመወዙም፣ ስለ አለቃውም፣ ስለ ሥራው ትርጉምም ሊያወያይ የሚችል ነው።

ስለዚህ በአማርኛ ለሚደረግ ቃለ መጠይቅ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። «ተነሣሽነትህ ምን ያህል ነው?» ከማለት «ምን ብለህ ገባህበት?» ብሎ መጠየቅ፤ መልሱንም በሐሳብ ከመመደብ በፊት በመደብ መመደብ። መላሹ «ብዬ» አለ፣ «አሉኝ» አለ፣ «እንዳልባል» አለ ወይስ «ደስ ስለሚለኝ»? ቅጂውን ይዞ ለሚቀመጥ ተመራማሪ አራቱን ለይቶ መቁጠር ከባድ ሥራ አይደለም። በአማርኛ የሚደረጉ የትምህርትና የሥራ ቃለ መጠይቆች ቃል በቃል ተቀድተው የሚቀመጡ ከሆነ መረጃው በእጅ አለ። በማጠቃለያ ተተርጉመው የሚቀመጡ ከሆነ ግን «ኝ» የምትለዋ ፊደል ከሁሉ ቀድማ የምትወድቀው ናት።