«እናታችን ሰጠች» ለማለት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2021 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶ/ር ቴድሮስ አድሓኖም በጄኔቫ ለአንድ አዛውንት ሽልማት አበረከቱ። አዛውንቱ ሎውረንስ ላክስ ይባላሉ፤ ሳይንቲስት አይደሉም። ሽልማቱን የተቀበሉት ከ70 ዓመት በፊት፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ የሞተችባቸውን እናታቸውን ወክለው ነበር።

እናትየዋ ሄንሪየታ ላክስ ናት። በቨርጂኒያ የትምባሆ እርሻ ላይ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአምስት ልጆች እናት። በ1951 በማኅፀን በር ካንሰር ታማ ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሞቹ ከዕጢው ላይ ቁራጭ ወስደው ለተመራማሪው ጆርጅ ጋይ ሰጡ። እሷን የጠየቀ አልነበረም። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች፤ የተቀበረችበት ቦታም ለአሥርተ ዓመታት የመቃብር ድንጋይ እንኳ አልነበረውም።

ሕዋሶቿ ግን አልሞቱም። እስከዚያ ድረስ ከሰው አካል የተወሰዱ ሕዋሳት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙም ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። የእሷ በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ እየሆኑ ተራቡ። ከስሟና ከቤተሰብ ስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ «ሄላ» ተባሉ። የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር አገለገሉ፣ ወደ ጠፈርም ተላኩ።

ነገሩ ወደ እኛም ቤት ይደርሳል። ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን የማኅፀን በር ካንሰር መነሻ ቫይረስ መሆኑን ሲያረጋግጡ፣ አንደኛውን የቫይረስ ዓይነት በሄላ ሕዋሳት ውስጥም አግኝተውታል። ለዚህ ሥራቸው በ2008 ኖቤል ተሸለሙ። በዚያ ግኝት ላይ የተመሠረተው ክትባት በ2018 መጨረሻ በኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ሄንሪየታን የገደላት በሽታ፣ በከፊል በእሷው ሕዋስ በኩል መከላከያ ተገኘለት።

ልጆቿ ግን ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። ጋዜጦች ስሟን «ሄለን ሌን» እያሉ ሲጽፉ ቆዩ። ቤተሰቡ የሰማው ከ20 ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ1973 ነው። መጀመሪያ የተሰማቸው ኩራት ሳይሆን ድንጋጤ፣ ቀጥሎም ቁጣ ነበር። ሕዋሶቿ በገንዘብ እየተሸጡ፣ ከልጆቿ መካከል የሕክምና መድን የሌላቸው ነበሩ።

አንዳንዶች «የዘመኑ አሠራር ነው፤ ያኔ ፈቃድ የሚጠይቅ ሐኪም አልነበረም» ይላሉ። እውነት ነው። ግን አሠራሩ የተለመደ መሆኑ ዕዳውን አይሰርዝም። በ2013 ተመራማሪዎች የሕዋሶቹን ሙሉ የዘር መረጃ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ይፋ አድርገዋል። ያን ጊዜ የዘመኑ አሠራር ነው ማለት አይቻልም። ቤተሰቡ ከተቃወመ በኋላ፣ መረጃውን ማን ይጠቀም የሚለውን በሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ አባላቱ እንዲቀመጡ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጋር ተስማማ። በ2023 ደግሞ ከሕዋሶቹ አትርፏል ብሎ ከከሰሰው ትልቅ ኩባንያ ጋር በስምምነት ጨረሰ።

ሎውረንስ ጄኔቫ ላይ በእናታቸው የቆሙት ከዚህ ሁሉ ቅሬታ ጋር ነው። ኩራቱን ያዘገየው ሳይንሱ አልነበረም፤ አለመጠየቁ ነው። መስጠትና መወሰድ አንድ አይደሉም። ነገ ከአንዲት ታማሚ ደም ወይም ቁራጭ ሥጋ ለምርምር ሲወሰድ፣ ልጆቿ «እናታችን ሰጠች» ብለው እንዲኮሩ አስቀድሞ እናትየዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።