እንሰትና ክፉ ቀን፤ ከጌዴኦ የአትክልት ቦታ የተገኘ ትምህርት



«አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት ለወጣቶች ምክር ሆኖ ሲነገር እንሰማዋለን እንጂ፣ ለገበሬ ሥራ ምን ያህል እንደሚስማማ ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። ገበሬ ለክፉ ቀን የሚዘጋጀው ቀኑ ከመክፋቱ በፊት ነው። ሰማዩ ከተዘጋ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ዝግጅት መሆኑ ቀርቶ ጭንቀት ይሆናል።

እኛ በከተማ የምንኖር የመሥሪያ ቤት ሰዎች የዝናሙን መዛባት የምንረዳው ከሰማይ ሳይሆን ከገበያ ነው። በሰኔ መጣል የሚገባው ወደ ሐምሌ ሲገፋ፣ ወይም በመስከረም መቆም የነበረበት በጥቅምት ወርዶ የደረሰውን አዝመራ ሲያበሰብስ፣ የጤፍ ዋጋ ወሬውን ያደርስልናል። ስለዚህ ዛሬ የማነጋግራችሁ ክረምትና በልግ ቃላቸውን ሳይጠብቁ ሲቀሩ፣ የዲላ አካባቢ ሕዝብ በጓሮው ውስጥ ምን ዓይነት መከላከያ እንዳቆመና ከዚህም ታሪክ ምን መማር እንደሚገባን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት ልናገር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዲላ ይደርሳል። ከተማዪቱ 1570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ በስተምሥራቋ ያለው አገር ከስምጥ ሸለቆው ጫፍ እየተነሣ በቡሌ በኩል እስከ 3000 ሜትር ገደማ ይወጣል። በቀድሞ ዘመን መዛግብት ሕዝቡም አገሩም «ደራሳ» እየተባለ ተጽፏል፤ ዛሬ የሚጠራው በራሱ ስም ጌዴኦ ተብሎ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዞኑ 847 ሺህ ያህል ሰው ተገኝቷል፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው መሆኑ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ የተሸከመ ዳገት እንደ ሜዳ አገር በየዓመቱ በማረሻ ቢገለበጥ ኖሮ፣ አፈሩ ታጥቦ ወደ አባያ ሐይቅ በወረደ ነበር።

የጌዴኦ ገበሬ ግን ዳገቱን እንደ ቤት በፎቅ በፎቅ ሠራው። ከሁሉ በላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ኮርችና ሌሎችም ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ይዘረጋሉ። ከእነርሱ በታች እንሰት ይቆማል፤ በእንሰቱም መካከልና ሥር ቡና ይበቅላል፤ በምድሩም ላይ ጎመንና ጎደሬ የመሳሰለው ይተከላል። ብርብራና ኮርች የባቄላ ወገን ስለ ሆኑ አፈሩን ያወፍራሉ፤ የሚያራግፉትም ቅጠል መሬቱን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። የታጨደውም አረም ተጠርጎ አይጣልም፤ እዚያው ተነጥፎ እርጥበቱን ይጠብቃል። በበጋ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው አፈር ያችን ያለችውን ውሃ ቈጥቦ ያቆያል። ዝናም በብርቱ የወረደ እንደ ሆነም ጠብታው አስቀድሞ በዛፉ፣ ቀጥሎ በእንሰቱ ቅጠል፣ በኋላም በብስባሹ ላይ እያረፈ ጉልበቱ ስለሚደክም አፈሩን አይጠርግም። እንግዲህ ይህ ሥራ ለዝናም ማነስም ለዝናም መብዛትም በአንድነት የተዘጋጀ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን የዚህ ሁሉ ምሰሶ እንሰት ነው። እንሰት ሲያዩት ሙዝ ይመስላል፤ ሰው የሚመገበው ግን ፍሬውን አይደለም። ምግቡ ያለው የቅጠሉ እግር እርስ በርሱ ተደራርቦ በሠራው ግንድና ከመሬት ውስጥ በተቀበረው አሚቾ ነው። ግንዱ ውሃ አዝሎ የሚቆም ስለ ሆነ፣ አንድ ወራት ዝናም ቢቀር እድገቱ ይዘገያል እንጂ እንደ ጤፍና እንደ በቆሎ ደርቆ አይቀርም። ለመድረስ እንደ አገሩ ሙቀትና ብርድ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ስለሚሞት፣ ባለቤቱ ከማበቡ በፊት ይቈርጠዋል። ሴቶች ግንዱን ፍቀው፣ አሚቾውን ከትክተው፣ በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ያብላሉታል፤ ከዚያ ቆጮና ቡላ ይገኛል፤ ከተረፈው ቃጫ ይወጣል፤ ቅጠሉም በበጋ የከብት መኖ ይሆናል። በሚገባ የተከደነ ቆጮ ከወራት እስከ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

አሁን በዘዴው ላይ ልብ እናድርግ። ብልኅ ገበሬ እንሰቱን ሁሉ በአንድ ዓመት አይተክልም። ገና ያልደረሰ እንሰት ቈፍሮ፣ የእምብርቱን ቡቃያ አውጥቶ መልሶ ሲቀብረው፣ ከዚያ ከአንዱ አሚቾ ብዙ ችግኝ ይፈላል። እነዚህን ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረ፣ የዘንድሮውን፣ የአምናውን፣ የካቻምናውንና የደረሰውን በየመደቡ ያቆማል። ስለዚህ በጓሮው የሚታየው ተክል ብቻ አይደለም፤ በተርታ የቆመ የዓመታት ቈጠራ ነው። ዘንድሮ የሚበላው እንሰት የተተከለው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ዘንድሮ የሚተከለውም የዛሬው ሕፃን ፊደል በሚቆጥርበት ጊዜ ይበላል። የእህል ገበሬ ጎተራ የአንድ መኸር ሀብት ሲይዝ፣ የእንሰት ገበሬ ጎተራ የብዙ ዓመት ሀብት ይዞ ከነሕይወቱ ይቆማል።

የዚህን ልዩነት ትርጉም የአገራችን ታሪክ በመራራ ሁኔታ አስተምሮናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው መከራ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» እየተባለ ይጠራል። በዚያ ዘመን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ በሬውን ሁሉ ጨረሰ፤ የዝናም መጥፋት፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱ እያለ የሚያርስበት አጣ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው ሕዝቡን በእጅ ቈፍሮ እንዲዘራ ማበረታታቸው ይነገራል። ደቡቡም አገር ከዚያ መከራ አላመለጠም፤ ሆኖም በጉዳዩ ውስጥ አንድ ትምህርት አለ። እንሰት ከጥንት ጀምሮ በእጅ የሚቈፈር እንጂ በበሬ የሚታረስ ተክል አይደለም። እርሻው በበሬና በአንድ ወራት ዝናም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አገር፣ ሁለቱ የታጡ ዕለት የሚይዘው ነገር ያጣል።

ይህን ተክል የውጭ ሰዎች አስቀድመው አስተውለውታል። በ17ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የነበረው የፖርቱጋል ካህን ማኑኤል ደ አልሜይዳ ስለ እንሰት ጽፏል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስም ተክሉን አይቶ ሥዕሉን ጭምር እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ አውጥቶታል። ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ሰይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት በአንድነት ባወጡት ጥናት ላይ «ፀረ ረኃብ ዛፍ» የሚል ርእስ ሰጥተውታል። ስለ ጌዴኦም አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 ለሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ይህ አያያዝ አምስት ሺህ ዓመት ጸንቶ ኖሯልን? የሚል ጥያቄ በርእሳቸው ላይ አኑረዋል። ጥያቄው በጥያቄነቱ ቢቆይም፣ መጠየቁ ራሱ የነገሩን ክብደት ያሳያል።

ይሁን እንጂ እንሰት የማይሞት ተአምር ነው ብዬ አላታልላችሁም። በከፍተኛው ደጋ ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። አጠውልጎ የሚገድለውም የባክቴሪያ በሽታ በአገራችን በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ በቢላዋና በመቆፈሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ መሣሪያን በእሳት ማጽዳትና የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ድርቁ ሲደጋገም የሚመጣው ፈተና ነው። የደረሰው እንሰት ባለቀ ጊዜ ቤተ ሰቡ ያልደረሰውን መቍረጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚበላው የዘንድሮ ምግብ ሳይሆን የሦስትና የአራት ዓመት በኋላው ምግብ ነው። ዝናሙ ቢመለስም ያ ጓሮ ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ዓመታት ያስፈልጉታል። ስለዚህ የእንሰት ጓሮ ሲራቆት እንደ ባዶ ጎተራ በአንድ መኸር የሚሞላ መስሎ የሚታየው ሰው ተሳስቷል።

ለዚህ መራቆት ምክንያት የሚሆነው ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም አለበት። የጌዴኦ ቡና በይርጋ ጨፌ ስም በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ ዲላም ያደገችው የቡና ንግድ ማዕከል ሆና ነው። ቡናው ሀብት ቢያመጣም ባለ ድርሻ ነኝ ባይንም ጠርቷል፤ በ1952 ዓ.ም. የአገሩ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ የተነሡበት ጠብ በታሪክ ይታወሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አስቀረ። ነገር ግን ገበያ የሚባለውን ሌላውን ጌታ አዋጅ አይሽረውም። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የዓለም የቡና ዋጋ እጅግ በወደቀ ጊዜ፣ ከቡና በቀር ሌላ የሌለው ገበሬ በዓለም ሁሉ ተጐድቷል። በእንሰቱ መካከል ቡና የተከለ ሰው ዋጋው ሲወድቅ ገንዘብ ያጣል፤ እንሰቱን ነቅሎ ቡና ወይም ጫት ብቻ የተከለ ሰው ግን ገንዘቡንም ምግቡንም በአንድ ቀን ያጣል።

ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ አለመሆኑን ያለፉት ዓመታት ይመሰክራሉ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ ኤልኒኞ ተብሎ በሚጠራው የውቅያኖስ መሞቅ የተነሣ ዝናሙ በብዙ አገር ጐደለ፤ በተከታዩም ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። ከዲላ በስተደቡብ ባለው የቦረና ቆላም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ከሽፈው እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። አንዱ ጊዜ ሰሜኑን፣ ሌላው ጊዜ ደቡቡን የሚመታ ሰማይ ለማንም ዋስትና አይሰጥም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር ከነአትክልቱ፣ ከነተከበሩት ደኖቹና በሽማግሌዎች ከሚጠበቁት የድንጋይ ሐውልቶቹ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ክብሩ የሚገባ ነው። ሆኖም ሐውልት ታጥሮ ይጠበቃል፤ የአትክልት ቦታ ግን የሚጠበቀው በየዓመቱ ሲተከልበት ነው። ዛሬ መሬቱ በውርስ እየተከፋፈለ ሲያንስ፣ ወጣቱ ዓመታት ከሚያስጠብቀው እንሰት ይልቅ ቶሎ የሚሸጠውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። የእናንተ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዕቅድ የምታወጡ፣ ምርት የምትመዘግቡና ብድር የምትፈቅዱ ሁሉ፣ የአንድን ወረዳ ሀብት በኩንታል እህል ብቻ የምትለኩ ከሆነ፣ በጓሮ የቆመው የዓመታት ስንቅ በመዝገባችሁ ላይ ከባዶ ይቈጠራል፤ በመዝገብ የሌለው ነገር ደግሞ ሲጠፋም ጠያቂ የለውም። በየወረዳው ስንት የደረሰ፣ ስንትስ ገና ያልደረሰ እንሰት እንዳለ ቢቈጠር፣ ረኃብ ከመግባቱ ከዓመት በፊት ምልክቱ በታየ ነበር፤ ያልደረሰው ሲቈረጥ ማየት ማለት የሚመጣውን ማየት ነውና። ከበሽታ የጸዳ ችግኝ ለሚተክለው ማድረስም፣ እህል በጭነት መኪና ከማጓጓዝ በፊት የሚቀድም ሥራ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ዝናሙ መቼ እንደሚመጣ ከማንም ይበልጥ አያውቅም። የሚበልጠን፣ የማይታወቅ መሆኑን አምኖ በመትከሉ ነው። እኛም በመዝገባችን ላይ እንዲሁ ብናደርግ፣ ክፉው ቀን ሲመጣ ባዶ እጃችንን አያገኘንም።