ምዝገባ ወይስ ትጥቅ ማስፈታት? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እና የባለጠመንጃው ሥጋት ከአርሲ ደጋ ሲታይ

መግቢያ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አጸደቀ። ገፊ ምክንያቱ በየአካባቢው ያገረሸው ግጭትና የተስፋፋው ሕገወጥ የመሣሪያ ዝውውር ነበር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 481 እና 808 ለቅጣት እንጂ ለአስተዳደር አይበቁም ነበርና ዝርዝር ሕግ ማስፈለጉ አያከራክርም። የሆነ ሆኖ በርካታ የገጠር ባለጠመንጃ ምዝገባን የሚያየው የትጥቅ ማስፈታት ዋዜማ አድርጎ ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ሥጋቱ ሕግ ከመጥላት ሳይሆን በመንግሥት ጥበቃ ላይ እምነት ከማጣት የመነጨ ነው የሚል ነው።

ታሪካዊ ዳራ

የአርሲ ኦሮሞ ፈረሰኞች በ1878 ዓ.ም. መገባደጃ በአዙሌ ከራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ሠራዊት ጋር ሲገጥሙ ዋና መሣሪያቸው ጦር ነበር፤ የመጣባቸው ጠመንጃ ነው። ከራስ ዳርጌ ድል በኋላ የተዘረጋው የነፍጠኛና ገባር ሥርዓትም ጠመንጃ ያነገተውን ከመሬቱና ከገባሩ ጉልበት ጋር አስተሳሰረው። ስለዚህ በአርሲ ጠመንጃ የነጻነት ምልክት ብቻ ነው ብሎ መናገር አይቻልም። አንዱ የአባቱ ቅርስ ብሎ የሚያከብረውን ምንሽር ሌላው የአያቱ ርስት የተነጠቀበት አድርጎ ያስታውሰዋል።

በጎጃም ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። ገበሬዎቹ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፁ፣ በጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን የተካሄደው የመሣሪያ ምዝገባም ከቅሬታዎቻቸው አንዱ ነበር። መሣሪያው ከተቆጠረ መሬቱም ይለካል፣ ርስቱም ይሄዳል የሚል ፍርሃት ነግሦ ነበር። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

ሁለቱ ታሪኮች ቢለያዩም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ጠመንጃን የመቁጠርና የመያዝ ጉዳይ ከመሬትና ከሥልጣን ተነጥሎ ታይቶ አያውቅም።

የመንግሥት ጥሪ መለዋወጥ

አዋጁ ከወጣ በኋላ የሆነው ይህን ጥርጣሬ አባባሰው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር አገኘሁ ተሻገር የግልም ሆነ የመንግሥት መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ አቀረቡ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡና አካባቢያቸውን እንዲጠብቁ አሳሰበ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች በመከላከያና በፖሊስ እንዲዋቀሩ ሲወሰን በአማራ ክልል ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ቀጥሎ የግል ታጣቂው ተራ ይደርሳል የሚለው ሥጋትም ከተቃውሞው መንስኤዎች አንዱ ነበር። ትናንት ጠመንጃህን ይዘህ ድረስልኝ የተባለ ሰው ዛሬ በዚያው ጠመንጃ ሲጠረጠር፣ መዝገቡ ነገ ለምን እንደሚውል ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ገበሬውና አዳኙ በሳጉሬ ዙሪያ

ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ ከበላይዋ የገለማ ተራሮች አሉ። ሰብል ሲደርስ ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ ቀን ዝንጀሮ በወንጭፍ ይከላከላል፤ ሌሊት ደግሞ ከከርከሮና ከጃርት ጋር ይፋጠጣል። በረቱንም ከጅብና ከከብት ሌባ ይጠብቃል። ፖሊስ ጣቢያው ርቆ ላለበት ቤተሰብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መሣሪያ የማንቂያ ደወልም ነው።

የአደን ሕግም ለዚህ ገበሬ ሩቅ ነው። አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. በተለይ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ ካወጡ ወዲህ አደን በፈቃድ የሚካሄድ ሆኗል። እዚሁ ተራሮች ላይ የሚኖረው ብርቅዬው የደጋ አጋዘን በሳይንሱ ዓለም የታወቀው አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አድኖት ነው። ዛሬም በሙኔሳ የአደን ቀበሌ የውጭ አዳኝ ከፍሎ፣ ጠመንጃውን በፈቃድ አስገብቶ ያድናል። የዱር እንስሳት ጥበቃው ተገቢ ነው፤ ጫካው ጥግ የሚያርሰው ሰው ግን ሰብሉ ሲበላ የሚካስበት መንገድ ካላየ ሕጉን የእንግዳ ሕግ አድርጎ ይወስደዋል።

ከሁሉም የሚከብደው የሰው ሕይወት ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዚሁ በአርሲ ዞን በሽርካ ወረዳ ምእመናን በታጣቂዎች ሲገደሉ ሊደርስላቸው የቻለ ኃይል አልነበረም። ከዚህ በኋላ የገጠር ቤተሰብን መሣሪያህን አስረክብ ማለት ከባድ የሞራል ጥያቄ ያስነሣል።

ከውጭ የሚገኝ ትምህርት

በስዊዘርላንድ ተኳሾችና ጠመንጃ ወዳዶች የአውሮፓ ኅብረትን መመሪያ ተከትሎ የተዘጋጀውን የጦር መሣሪያ ሕግ ተቃውመው ፊርማ አሰባሰቡ። ጉዳዩ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ከመራጩ ወደ 64 በመቶ የሚሆነው ሕጉን ደገፈ። ተቃዋሚዎቹ ተሸነፉ፤ ነገር ግን ክርክራቸው በአደባባይ ተደምጦ ነው። ሕጉ ጉልበት ያገኘውም ከዚህ ነው።

ማጠቃለያ

የመሣሪያ ምዝገባ ያስፈልጋል። ክላሽ እንደ ሸቀጥ በሚዞርበት አገር ደካማው ይበልጥ ይጎዳል፤ የአርሲ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ምዝገባው እንዲታመን ግን ሦስት ነገሮች ይቅደሙ። መዝገቡ ለትጥቅ ማስፈታት የሚውልበት ሁኔታ በሕግ ተለይቶ ይገደብ፤ በአንድ አካባቢ ያሉ ማኅበረሰቦች ሁሉ በእኩል ሚዛን ይመዝገቡ፤ የፖሊስ ጥበቃ ከመዝጋቢው ቀድሞ ቀበሌው ይድረስ። መንግሥት የመጨረሻውን ሳይፈጽም ጠመንጃ እንዲቆጠርለት ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው የተደበቀ መሣሪያና የተደበቀ ቂም ነው።