አለርጂና ድብርት፡- ለዓመታት የሚዘልቅ ቁርኝት

ለወራት አፍንጫው የሚዘጋ፣ ዓይኑን የሚያሳክከውና ሌሊት በቅጡ የማይተኛ ሠራተኛ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ደክሞና ፊቱ ከብዶ ይታያል። ሥራው ሲጓተት አለቃውም ሆነ ባልደረቦቹ "ሰንፏል" ማለታቸው የተለመደ ነው። ይሁንና እንዲህ ያለው ሁኔታ ከስንፍና ይልቅ የሁለት ሕመሞች፣ የአለርጂና የድብርት፣ መደራረብ ሊሆን እንደሚችል የሕክምና ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

አለርጂ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ብዙዎችን በማይጎዱ ነገሮች ላይ ከመጠን በላይ ሲቆጣ የሚከሰት ነው። በአቧራ ውስጥ የሚገኙ በዓይን የማይታዩ ተባዮች፣ የአበባ ብናኝ፣ ሻጋታ፣ የእንስሳት ፀጉርና አንዳንድ ምግቦች ዋነኞቹ ቀስቃሾች ናቸው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነበር።

ድብርት፣ ባለሙያዎች ድባቴ የሚሉት፣ በበኩሉ ከዕለት ተዕለት ትካዜ የተለየ ሕመም ነው። የስሜት መጨለም ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት ሲዘልቅና ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎት ወይም ከትኩረት መዛባት ጋር ሲታይ በድብርትነት ይጠረጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2019 ግምት እንደሚያመለክተው በዓለም ላይ ወደ 280 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከዚሁ ሕመም ጋር ይኖራሉ።

ሕክምናው ዓለም ስለ ሁለቱ ዝምድና ያለው አመለካከት በየዘመኑ ተለዋውጧል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቺካጎ ይሠራ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍራንዝ አሌክሳንደር አስምንና አንዳንድ የቆዳ ሕመሞችን ከስሜት ግጭት ጋር አያይዟቸው ነበር። በዚህ አስተሳሰብ መነሻው አእምሮ፣ አለርጂው ደግሞ ውጤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በስዊድን የሚገኙ ተመራማሪዎች "አይ.ጂ.ኢ." የተባለውን የደም ፀረ አካል ሲያገኙ ግን አለርጂ በላቦራቶሪ የሚለካ የአካል ሕመም ሆነ። የታማሚው ስሜትም ከሐኪሙ ጥያቄዎች መካከል ቀስ በቀስ ወጣ።

በአንጻሩ የመድኃኒቶቹ ታሪክ ሁለቱን ሕመሞች ሳይለያይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለድብርት ፈውስነቱ የታወቀው ኢሚፕራሚን የተገኘው ፀረ ሂስታሚን መድኃኒቶችን ለመፈለግ ከተሠሩ ውሁዶች መካከል ነው። ከዚያ በኋላ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ፍሉኦክሰቲንም የተቀመመው ዲፌንሃይድራሚን ከተባለ የአለርጂ መድኃኒት ኬሚካላዊ ቅርፅ በመነሳት ነበር። ሂስታሚን በአፍንጫና በቆዳ ላይ ማሳከክን ከማስከተሉ ባሻገር በአንጎል ውስጥ ንቃትን የሚጠብቅ ንጥረ ነገር መሆኑ ለዚህ ቅርበት አንዱ ማብራሪያ ነው።

ታማሚዎችን ለረዥም ዓመታት መከታተል ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። በሰሜን ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1966 የተወለዱ ሰዎች ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው ቆይቶ በ31 ዓመታቸው የቆዳ አለርጂ ምርመራ ተደርጎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ውጤትም በቆዳ ምርመራ በታየው አለርጂና በሐኪም በተረጋገጠ ድብርት መካከል ዝምድና መኖሩን አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ዝምድና መኖሩ ብቻ አንዱ የሌላው ቀጥተኛ ምክንያት ነው አያሰኝም። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ፣ የብሪታንያ ባዮባንክን የዘረመል መረጃ የተጠቀመ ጥናት ሁለቱ ሕመሞች አብረው እንደሚታዩ ቢያረጋግጥም፣ አለርጂ በራሱ ድብርትን ይፈጥራል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም።

በመሆኑም ባለሙያዎች ትኩረት የሚያደርጉት በመካከል ባሉት መንገዶች ላይ ነው። የመጀመሪያው እንቅልፍ ነው። የተዘጋ አፍንጫና ሌሊት የሚብስ ማሳከክ እንቅልፍን ያቆራርጣሉ፤ የእንቅልፍ እጦት ደግሞ ለድብርት ያጋልጣል። ሁለተኛው ሰውነት ሲቆጣ የሚያመነጫቸው ሳይቶካይን የተባሉ ኬሚካሎች ስሜትን ሊጫኑ መቻላቸው ነው። ጉዳቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። በድብርት የተያዘ የአስም ታማሚ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ስለሚያዳግተው ሕመሙ ይብስበታል።

በመድኃኒት አወሳሰድ ረገድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት የቀድሞ ፀረ ሂስታሚኖች እንቅልፍና ድካም ያመጣሉ፤ ሎራታዲንን የመሳሰሉት አዳዲሶቹ ግን ይህ ችግር ይቀንሳቸዋል። ለአስምና ለአፍንጫ አለርጂ የሚታዘዘውን ሞንቴሉካስትን በተመለከተም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የስሜት መለዋወጥንና ራስን የመጉዳት ሐሳብን የሚመለከት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲሰፍር አድርጓል። እንዲህ ያለ ለውጥ ያየ ታማሚ ወዲያውኑ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል። ሌሎች መድኃኒቶችንም ቢሆን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ አይገባም።

ጉዳዩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ዘንድ በብዛት እንደሚታይ አመልክቷል። በከተሞች ካሉት የሥራ ቦታዎች አንዱ የሆነው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የራሱ ቀስቃሾች አሉት። ለዓመታት ሳይነኩ የተከመሩ ፋይሎች፣ አየር የማይገባበት መዝገብ ቤት፣ እርጥበት የያዘ ግድግዳና አቧራ የጠጣ ምንጣፍ ተጠቃሽ ናቸው። መስኮት መክፈት፣ መደርደሪያዎችን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳትና ሠራተኛው አፉንና አፍንጫውን እንዲሸፍን ማድረግ ብዙ በጀት የሚጠይቁ ተግባራት አይደሉም።

የሥራ ኃላፊዎች በተደጋጋሚ የሚቀርን ወይም ሥራው የቀነሰበትን ሠራተኛ ከመገሠጻቸው በፊት ጤንነቱን መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ለአለርጂ የሚታከም ሰውም ስለ እንቅልፉና ስለ ስሜቱ ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል። አፍንጫው ታክሞ ስሜቱ የተዘነጋ ታማሚ ግማሽ ሕክምና ብቻ እንዳገኘ ይቆጠራልና።